የማይድን ሕመምተኛን የት እናስታምም? ቤት፣ ሆስፒስ ወይስ ሆስፒታል

«ከዚህ በኋላ እዚህ የምናደርግለት ነገር የለም፤ ወደ ቤት ውሰዱት።» ሐኪሙ ይህን ሲለን ወንድሜ ቆሞ ነበር። ዝም ብሎ ተቀመጠ። አባቴ የጉበት ካንሰር ነበረበት። ያኑ ዕለት ከሰዓት ቤት አስገባነው። ትራሱን አመቻቸን፣ መጋረጃውን ዘጋን፣ «እፎይ፣ ቤቱ ገባ» አልን። ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ሕመሙ ተነሳበት። ኃይለኛው የሕመም ማስታገሻ፣ የሞርፊኑ ጠርሙስ እጄ ላይ ነው። የመጨረሻውን ከሰጠነው ሁለት ሰዓት ሆኖታል። አሁን ይደገም ወይስ ይጠበቅ? የምንደውልለት ሰው አልነበረንም። እስኪነጋ እጁን ይዤ ተቀመጥኩ።

ስለዚህ አማራጮቹን ሳወዳድር ከሁሉ በፊት የማነሳው ጥያቄ ይህ ነው፦ ሌሊት ሕመሙ ሲነሳ ማን፣ ምን ያደርጋል? ብዙ ቤተሰብ «የት ይሻላል?» እያለ ቦታ ሲያማርጥ ይከርማል። ቦታው ብቻውን መልስ አይሆንም። ለዚህ ጥያቄ መልስ ያለው ቤት፣ መልስ ከሌለው ሆስፒታል ይሻላል። መልስ የሌለው ቤት ደግሞ ለታማሚውም ለአስታማሚውም መከራ ነው።

## «ሕክምና የለም» ሲባል

በሽታውን የሚያድን ሕክምና ላይኖር ይችላል። ሕመምን፣ ማቅለሽለሽን፣ የትንፋሽ ማጠርንና ጭንቀትን የሚያክም ግን አለ። የማስታገሻ ሕክምና ይባላል። ሆስፒስ የሚባለው ለማይድኑ ሕሙማን ይህን ሕክምና የሚሰጥ ቦታ ወይም አገልግሎት ነው። ሲሲሊ ሳንደርስ እ.ኤ.አ. በ1967 ለንደን ውስጥ ቅዱስ ክሪስቶፈር ሆስፒስን ሲከፍቱ የተነሱት ከዚህ ነው። እሳቸው መጀመሪያ ነርስ፣ ኋላም ሐኪም ነበሩ። ሊሞት የተቃረበ ሰው ሕመም የሰውነት ብቻ እንዳልሆነ፣ ፍርሃቱም፣ የቤተሰቡ ነገርም፣ መንፈሱም አብሮ እንደሚያመው ያስተማሩ ሴት ናቸው።

የማስታገሻ ሕክምና መጀመር ተስፋ መቁረጥ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው። አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2010 አሜሪካ ውስጥ የታተመ አንድ ጥናት የተስፋፋ የሳንባ ካንሰር የያዛቸውን 151 ሰዎች ተከታትሏል። ከመጀመሪያው ጀምሮ ከካንሰር ሕክምናው ጎን የማስታገሻ ሕክምና ያገኙት ኑሯቸው ቀለል ብሎላቸው ነበር። ዕድሜያቸውም አላጠረም። እንዲያውም እነሱ በሕይወት የቆዩበት መካከለኛ ጊዜ 11.6 ወር ሲሆን የሌሎቹ 8.9 ወር ነበር። እንዲህም ሆኖ የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ይህ ሕክምና ከሚያስፈልጋቸው ሰዎች የሚያገኙት 14 በመቶ ያህሉ ብቻ ናቸው። ማንም ሳይነግራችሁ ሊያልፍ ይችላልና ራሳችሁ ጠይቁ። «የማስታገሻ ሕክምና ክፍል አላችሁ? ከሌላችሁ ማን ጋር ትልኩናላችሁ?» ብላችሁ ከመውጣታችሁ በፊት መልስ ያዙ።

## በምን እንመዝን?

የሌሊቱ ጥያቄ። ከላይ ብዬዋለሁ። የሚደወልበት ቁጥር አለ? የሚያነሳው ሰው መድኃኒት የማዘዝ ሥልጣን አለው?

ገላው። አልጋ የያዘን ሰው ማን ያገላብጠዋል፣ ማን ያጥበዋል፣ ማን ሽንት ቤት ያደርሰዋል? ጉልበት የሚጠይቅ ሥራ ነው። አንድ ሰው ብቻውን ለሳምንት ይችለዋል፤ ለሦስት ወር ግን ወገቡ ይሰበራል።

የታማሚው ፍላጎት። ብዙ ሰው ስለ እሱ በሌላ ክፍል ይወያያል። ራሱን ጠይቁት። «ቤት መሆን እፈልጋለሁ» ሲል ምን ማለቱ እንደሆነም ጠይቁ። አንዳንዱ አልጋውን ነው የሚፈልገው። ሌላው ልጆቹን ነው፤ ልጆቹ እስካሉ ድረስ ቦታው አያስጨንቀውም። «እናንተን ማስቸገር አልፈልግም» ብሎ ሆስፒታል የሚመርጥም አለ። ያ ምርጫ ሳይሆን ለእናንተ መጨነቅ ነው፤ ቁጭ ብላችሁ አውሩት።

አስታማሚው። እንቅልፉ፣ ሥራው፣ የራሱ ጤና። ማንም ስለማይጠይቀው ነው እዚህ ያስገባሁት።

ገንዘብ። የአልጋ ክፍያን ብቻ አትቁጠሩ። ከሥራ የቀረ ሰው ደመወዝ፣ ዳይፐር፣ መመላለሻ፣ የኪራይ መሣሪያ ሁሉ ይደመራል። ቤት «ነፃ» የሚመስለው ይህ ስለማይጻፍ ነው።

## አማራጭ አንድ፦ ቤት፣ ቤተሰቡ ብቻውን

በጣም የተለመደው ይሄ ነው። ጥሩ ጎኑን ሁላችንም እናውቀዋለን። የራሱ አልጋ፣ የራሱ መስኮት፣ ሲነቃ የሚያየው ፊት። የጉብኝት ሰዓት የለም። አባቴ ሌሊት አሥር ሰዓት ላይ ሬዲዮ መስማት ፈለገ፤ ከፈትንለት።

ድካሙ ግን ዝርዝሩ ውስጥ ነው። መገላበጥን ብቻ ውሰዱ። ራሱን ማንቀሳቀስ የማይችል ሰው በየ2 ሰዓቱ አካባቢ ጎኑን መለወጥ አለበት፤ ሌሊትም ጭምር። ሙሉ በሙሉ በጎኑ አይተኛም፤ ከጀርባው ትራስ ተደርጎ በትንሹ ያዘነብላል። ከባቱ ሥር ትራስ ይገባና ተረከዙ ፍራሹን ሳይነካ ይንሳፈፋል። እኛ ተረከዙን ረስተን ነበር። በአሥረኛው ቀን እህቴ እግሩን ስታጥብ ቀይ ነገር አየች። በጣቷ ጫን አድርጋ ለቀቀችው፤ ቅላቱ አልጠፋም። ሲጫኑት የማይጠፋ ቅላት የአልጋ ቁስል መጀመሪያ ነው። ጠቆር ባለ ቆዳ ላይ ቅላቱ ላይታይ ይችላል። ያኔ ሙቀቱን፣ ጥንካሬውን ወይም የቀለሙን መለወጥ በእጅ ዳስሳችሁ እዩ። ጀርባውን ስታነሱት አትጎትቱት። ከሥሩ የታጠፈ አንሶላ አድርጋችሁ ሁለት ሰው ሆናችሁ ከፍ አድርጉት፤ መጎተት ቆዳውን ይልጠዋል።

ሁለተኛው የሕመሙ ነገር ነው። ቶሎ የሚሠራው የሚጠጣ ሞርፊን ብዙውን ጊዜ በየ4 ሰዓቱ ይሰጣል። ሕመሙ እስኪመጣ አይጠበቅም፤ ሰዓቱን ጠብቆ ይሰጣል። በመሀል ሕመሙ ጥሶ ከወጣ የሚሰጥ ተጨማሪ መጠን አለ። አብዛኛውን ጊዜ ከቀኑ ጠቅላላ መጠን ከአንድ አሥረኛ እስከ አንድ ስድስተኛ ነው። መጠኑን የሚወስነው ሐኪሙ ነው፤ ኩላሊቱ የደከመ ሰው ላይ ሞርፊን ስለሚከማች ስሌቱ ይለወጣል። እናንተ የምታደርጉት «ተጨማሪውስ ስንት ነው? በየስንት ሰዓቱ?» ብላችሁ አስጽፋችሁ መውጣት ነው። እኛ ያን ሌሊት የጎደለችን ይቺ አንዲት መስመር ነበረች።

ሞርፊን ሲጀመር የሚያቅለሸልሸው ሰው አለ፤ በጥቂት ቀን ይተወዋል። የሆድ ድርቀቱ ግን አይተውም። ስለዚህ ከሞርፊኑ ጋር ሆድ የሚያለሰልስ መድኃኒት ከመጀመሪያው ቀን ይታዘዝ። «ሱስ ይሆንበታል» የሚል ዘመድ አይጠፋም። ለሚሞት ሰው ሕመም በሐኪም ትእዛዝ የሚሰጥ መድኃኒትን በዚህ ፍርሃት መከልከል ጭካኔ ነው። ሕመሙን ችሎ ዝም የሚል ታማሚም አለ። በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም ይባላል። ግንባሩን እዩ፣ ሲገላበጥ ትንፋሹን ስሙ። ጠርሙሱን ደግሞ ልጆች የማይደርሱበት ቦታ ቆልፉበት።

ይህ አማራጭ የሚሠራው ተራ የሚገባ ቢያንስ ሁለት ጤነኛ ሰው ሲኖር፣ ሕመሙ በሚዋጥ መድኃኒት የተገራ ሲሆንና የሚደወልለት ሐኪም ሲገኝ ነው። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ ብቻችሁን አትግቡበት።

## አማራጭ ሁለት፦ ቤት፣ ከጎብኚ ቡድን ጋር

እውነቱን ለመናገር፣ ከተገኘ ይህን የሚያህል የለም። ታማሚው ቤቱ ነው። የማስታገሻ ሕክምና የምታውቅ ነርስ በሳምንት ጥቂት ጊዜ ትመጣለች፤ ከበስተጀርባዋ ሐኪም አለ። እኛም በሁለተኛው ሳምንት እንዲህ ያለች ነርስ አገኘን። የመጀመሪያው ቀን ስትመጣ አባቴን ከመንካቷ በፊት «ማን ነው ሌሊት የሚያድረው?» ብላ ጠየቀች። ከዚያ እኔን አየችኝ፣ «ከስንት ቀን ወዲህ ነው ያልተኛሽው?» አለችኝ።

ግን «የቤት ለቤት አገልግሎት» የሚለው ስም ብዙ ነገር ይሸፍናል። ቁስል አጥቦ የሚሄድም አለ፤ ሌሊት ስልክ የሚያነሳም አለ። ከመስማማታችሁ በፊት እነዚህን ጠይቁ፦

- ሌሊትና በበዓል ቀን ስልኩን ማን ያነሳል? መምጣት ካስፈለገ በስንት ሰዓት ትደርሳላችሁ?
- ሞርፊኑ ሊያልቅ ሲል ማዘዣውን ማን ያድሳል?
- መዋጥ ሲያቅተው መድኃኒቱን በምን እንሰጠዋለን?

ሦስተኛውን አትዝለሉት። በመጨረሻዎቹ ቀናት አብዛኛው ሰው መዋጥ ያቅተዋል። ጥሩ ቡድን ይህን አስቀድሞ ያስባል። ለሕመም፣ ለማቅለሽለሽ፣ ለመረበሽና ለጉሮሮ ማንኮራፋት የሚሆኑ መድኃኒቶችን ከማዘዣቸው ጋር ቤት ያስቀምጣል። በባትሪ የምትሠራ ትንሽ ፓምፕም አለች። መድኃኒቱን ከቆዳ ሥር 24 ሰዓት በዝግታ ትለቃለች፤ የደም ሥር ፍለጋ የለም።

ቡድኑ ግን አብሯችሁ አያድርም። የቀረውን ሰዓት የምትሞሉት እናንተ ወይም የምትቀጥሩት አስታማሚ ነው። ስትቀጥሩ ሰርተፍኬቱን ብቻ አትዩ። ሰው እንዴት እንደሚያነሳ አሳዩኝ በሉ፤ ሁለት ደቂቃ ይበቃል።

## አማራጭ ሦስት፦ ሆስፒስ

ሆስፒስ የሚለው ቃል ያስፈራል፤ ገብተው የማይወጡበት ቤት ይመስላል። አንዳንዱ ሰው ግን ሕመሙ እስኪገራ ለጥቂት ቀን ገብቶ ወደ ቤቱ ይመለሳል። አስታማሚው እንዲያርፍ ተብሎ ለአጭር ጊዜ የሚቀበሉም አሉ። በሌላ በኩል በብዙ አገር ሆስፒስ ሕንፃ ሳይሆን አገልግሎት ነው፤ የሚሰጠውም ቤት ድረስ መጥቶ ነው። ስለዚህ ስትጠይቁ «አልጋ አላችሁ ወይስ ቤት ነው የምትመጡት?» በሉ።

ጥንካሬው ሕመምን መግራት ላይ ነው። እዚያ ያለ ሰው ሥራው ይሄ ነው። ደም ግፊት ለመለካት ተብሎ የተኛ ሰው አይቀሰቀስም። ድክመቱ ቦታ መጥበቡና የመግቢያ መስፈርቱ ነው። ለምሳሌ አሜሪካ ውስጥ ሜዲኬር የተባለው፣ በዋናነት ለአረጋውያን የሆነው የመንግሥት የጤና መድኅን የሆስፒስን ወጪ የሚሸፍነው ሐኪሞች «በሽታው በተለመደው መንገዱ ከሄደ ቀሪው ዕድሜ 6 ወር ወይም ከዚያ በታች ነው» ብለው ሲያረጋግጡና ታማሚው በሽታውን ለማዳን የሚሰጠውን ሕክምና ሲተው ነው። የእናንተ አገር ደንብ ሌላ ሊሆን ይችላል። ኬሞው (የካንሰር መድኃኒቱ) ወይም ደም መውሰዱ ይቀጥል እንደሆነ አስቀድማችሁ እወቁ። ሌላው፣ ቤተሰብ አርፍዶ ይደውላል፤ የመጨረሻው ሳምንት ላይ። ያኔ ወረፋው አይደርስም።

## አማራጭ አራት፦ የእንክብካቤ ማዕከል

ራሳቸውን መርዳት የማይችሉ ሰዎች በክፍያ የሚኖሩበት ቤት ነው። ለገላው ጥሩ ነው፤ መገላበጥ፣ ማጠብ፣ ማብላት ላይ ሰው አለ። ለሕመሙ እንደ ማዕከሉ ይለያያል። ሌሊት ሞርፊን መስጠት የሚችል ነርስ ከሌለ ከቤት አይሻልም። በሽታው ቀስ ብሎ ለሚሄድበት፣ በተለይ የመርሳት በሽታ ላለበት ሰው የሚታሰብ አማራጭ ነው።

## አማራጭ አምስት፦ ሆስፒታል

ሆስፒታል የሚያስፈልግባቸው ጊዜያት አሉ፤ ፈጽሞ አትርቁት። አጥንት ሲሰበር፣ አንጀት ሲዘጋ፣ ደም ሲፈስ። ካንሰር ያለበት ሰው እግሩ በድንገት ከዛለ ወይም ሽንቱ እምቢ ካለ ደግሞ ዕጢው ህብለ ሰረሰሩን ተጭኖት ሊሆን ይችላል። በሰዓታት ውስጥ መታየት አለበት፤ ቢቆይ እግሩ ላይመለስ ይችላል። ቤት ያልተገራ ሕመምም በቂ ምክንያት ነው።

ችግሩ ሆስፒታል የተሠራው ለማዳን መሆኑ ነው። ማንም ካላስቆመው ሁሉም ነገር በልማዱ ይቀጥላል። አባቴ ወደ ቤት ከመምጣቱ በፊት በተኛበት ክፍል በየማለዳው ደም ይቀዳ ነበር። ክንዱ ሰማያዊ ሆኗል። «ውጤቱ ምን ይለውጣል?» ብዬ የጠየቅኩት በስድስተኛው ቀን ነው። የተረኛው ሐኪም አሰበና «ምንም» አለኝ። አቆሙት። በመጀመሪያው ቀን ብጠይቅ ኖሮ እያልኩ እስካሁን ይቆጨኛል።

ስለዚህ ሆስፒታል ከመረጣችሁ ለእያንዳንዱ ምርመራ ይህን ጥያቄ ጠይቁ። ልቡ ቢቆም ደረቱ ይጫን ወይስ አይጫን፣ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ይግባ ወይስ አይግባ የሚለውን ደግሞ ታማሚው መናገር በሚችልበት ጊዜ ተነጋግራችሁ ፋይሉ ላይ አስጽፉ።

## በአንድ ላይ ሲታዩ

| መመዘኛ | ቤት፣ ቤተሰብ ብቻ | ቤት ከቡድን ጋር | ሆስፒስ (አልጋ ያለው) | የእንክብካቤ ማዕከል | ሆስፒታል |
|---|---|---|---|---|---|
| ሌሊት ሕመም ሲነሳ | የተጻፈ ትእዛዝ ከሌለ ደካማ | ስልክ ካለ ጥሩ | በጣም ጥሩ | እንደ ነርሱ | ጥሩ፤ ግን ተረኛው አያውቀውም |
| መገላበጥና ማጠብ | በቤተሰቡ ጉልበት | በአብዛኛው በቤተሰቡ | ሙሉ | ሙሉ | በከፊል፤ ቤተሰብ ይጨምራል |
| ከቤተሰብ ጋር መሆን | ሙሉ | ሙሉ | ሰፊ | በሰዓት | የተገደበ |
| በአስታማሚው ላይ ያለው ጫና | በጣም ከባድ | መካከለኛ | ቀላል | ቀላል | መካከለኛ |
| ወጪው የሚወድቀው | ባልተከፈለ ጉልበትና በቀረ ደመወዝ | በጉብኝትና በመሣሪያ | እንደ መድኅኑ ወይም በእርዳታ | በወር ክፍያ | በቀን አልጋና በምርመራ |
| አጣዳፊ ችግርን ማከም | የለም | ውስን | ውስን | የለም | ሙሉ |

## ለእናንተ የቱ?

አስታማሚው አንድ ሰው ከሆነ፣ እሱም ሠራተኛ ከሆነ፦ ቤት ብቻውን አይሆንም። ቡድን ፈልጉ፤ ቀን የሚውል ሰው ቅጠሩ። ሁለቱም ካልተገኘ ማዕከል ወይም ሆስፒስ። ይህን መምረጥ መክዳት አይደለም። ያልተኛ ሰው መድኃኒት ይሳሳታል።

እህትማማችና ወንድማማች ብዙ ከሆናችሁ፦ ቤት ይቻላል፤ ግን ተራውን ጻፉት። «ሁላችንም አለን» ሲባል የሚያድረው ሁልጊዜ አንዱ ነው፤ ብዙ ጊዜም ሴት ልጅ ናት። ሩቅ ያለው ገንዘብ ይላክ፣ ስልክ ይደውል፣ ማዘዣ ያሳድስ።

ሕመሙ እምቢ ካለ፦ ሆስፒስ፤ ከሌለ የማስታገሻ ክፍል ያለው ሆስፒታል። ሲገራ ይመለስ።

ገንዘብ ካጠረ፦ ያለውን በቅደም ተከተል አውጡ። መጀመሪያ የሕመም መድኃኒት፣ ቀጥሎ ጥሩ ፍራሽ፣ ቀጥሎ በሳምንት ሁለት ሌሊት የሚያድር ሰው። የኦክሲጅን መሣሪያ ከመከራየታችሁ በፊት ሐኪሙን ጠይቁ። በደሙ ውስጥ ያለው ኦክሲጅን ላልወረደ ሰው መሣሪያው ከተራ አየር የተሻለ ላይረዳው ይችላል። ትንሽ ማራገቢያ ወደ ፊቱ ማዞር ግን ብዙዎችን ያቀልላቸዋል፤ ዋጋውም የማይወዳደር ነው።

ታማሚው «ቤት» ብሎ እናንተ ካልቻላችሁ፦ ቃል ከመግባታችሁ በፊት እውነቱን ንገሩት። «ቤት እናቆይሃለን፤ ሕመሙ ካስቸገረን ግን አብረን እንሄዳለን» የሚል ቃል የሚጠበቅ ቃል ነው። «በፍጹም ሆስፒታል አንወስድህም» የሚለው ግን ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ያንቃችኋል።

ደግሞ ምርጫው አንዴ ተመርጦ የሚያልቅ አይደለም። ቤት የጀመረ ሆስፒስ ይገባል፤ ሆስፒታል ያለ ወደ ቤት ይመለሳል። በየሳምንቱ አንድ ቀን ተቀምጣችሁ «አሁንም ይሄ ይሠራል?» በሉ።

## የመጨረሻዎቹ ቀናት

የትም ሁኑ፣ ይህን አስቀድማችሁ ካወቃችሁ አትደነግጡም። ምግብ እምቢ ይላል። አታስገድዱት፤ ሰውነቱ ስለማይፈልገው ነው፣ በግድ የገባውም ወደ ሳንባው ሊሄድ ይችላል። ከንፈሩንና አፉን በእርጥብ ስፖንጅ ወይም በንጹሕ ጨርቅ አርሱለት። እንቅልፉ ይበዛል። እጅና እግሩ ይቀዘቅዛል። ትንፋሹ ይቆምና እንደገና ይጀምራል። ጉሮሮው ያንኮራፋል፤ ለሚሰማው ይከብዳል፣ እሱን ግን ብዙ ጊዜ አያስጨንቀውም፤ በጎኑ ማዘንበል ይረዳል። ባይመልስላችሁም አነጋግሩት።

ቤት ከሆናችሁ ይህን ስታዩ ለማን እንደምትደውሉ ዛሬ ወስኑ። ደንግጦ አምቡላንስ የሚጠራ ዘመድ አይጠፋም፤ ቤት መሞት የፈለገ ሰው ኮሪደር ላይ ያርፋል።

ከዚያች ሌሊት በኋላ ወንድሜ አንድ ወረቀት ጽፎ አልጋው አጠገብ ቁም ሣጥኑ ላይ ለጠፈው። የነርሷ ስልክ፣ የሞርፊኑ መጠን፣ የተጨማሪው መጠን፣ የማን ተራ እንደሆነ። ከሥሩ የተሰጠበት ሰዓት እየተጻፈ ሄደ። አባቴ ካረፈ በኋላ ያነሳችው እህቴ ናት፤ እስካሁን እሷ ጋ ነው። የመጨረሻው መስመር በወንድሜ እጅ የተጻፈ ነው፦ «9፡40፣ ሰጠሁት፣ ተኛ።»